የመሣሪያው ባለቤት

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሐሙስ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የያዝሁት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ እኔ ስለነበርሁ ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። የሚጽፍ ሰው እንዲናገር አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ ወድጄው ነበር።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የአፈር ምርመራ ክፍል ከተቀጠርሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር የተማርሁትን ሁሉ ይዤ ስመጣ የጠበቀኝ አንድ ሚዛን፣ አንድ ማድረቂያ ምድጃና የአፈሩን መኮምጠጥ የምንለካባት አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ለማወቅ አፈሩን በከረጢት አድርገን ሩቅ ከተማ እንልክና ወረፋ እንጠብቃለን። በዚያ ዓመት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ቀበሌ የመጡ አንድ ገበሬ ውጤታቸውን ስሰጣቸው ወረቀቱን አገላብጠው አይተው፣ “ልጄ፣ ጤፉን እኮ ዘርቼ አጭጄዋለሁ። አሁን ይህን ለማን ላሳየው?” አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ባሕር ዳር ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ጥሪ መጣ። ሁለት ተቋማት ተጣምረው በጋራ የሚገለገሉበትን የምርምር መሣሪያ ቢጠይቁ ወጪውን እሸፍናለሁ ይላል። እኛ ቡሬ ካለ አንድ ኮሌጅ ጋር ተጣመርን። የምንጠይቀው በአፈር ውስጥ ያለውን አሉሚኒየምና ሌላውንም ንጥረ ነገር አንድ በአንድ የሚለካ መሣሪያ ነው። ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስጽፍ ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ የገበሬውን ጤፍ ሳይቀር አስገብቼበታለሁ። ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ዋናው ቅጂ በሰው እጅ ባሕር ዳር መድረስ ነበረበት። ሐሙስ የተሰበሰብነው ለመጨረሻ ጊዜ ልናየው ነው።

በጠረጴዛው ዙሪያ አራት ነበርን። ኃላፊያችን፣ ሽበታምና ትዕግሥተኛ ሰው፣ ጾመኛ ስለሆኑ እህል አልቀመሱም። ከቡሬው ኮሌጅ የመጣው መምህር በዕድሜ ለእኔ የሚቀርብ ቀልደኛ ነው። የንብረት ክፍሉ ሹም ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ መሣሪያው የት ይቀመጥ በሚለው ነበር።

“እኛ ጋ ይሁን፤ መብራታችን አይቆራረጥም” አሉ ኃላፊያችን።

“ኧረ ጋሼ! ትናንት ስደውል በሻማ ነው ያለነው አላሉኝም?”

“እሱ የትናንት ነው።”

“ቡሬ መንታ መንገድ ናት። ከወለጋ የመጣው ቢሉ፣ ከዚህ የሄደው ቢሉ፣ ሁሉም እኛ ጋ ነው የሚያርፍ።”

“የሚያርፈው እህል ነው እንጂ አፈር አይደለም። አፈር እንደ በቆሎ ተጭኖ ሲሄድ አይተሃል?”

“ይኸው ሊሄድ ነው፣ መሣሪያውን ብቻ ይስጡን።”

እየተሳሳቁ ነበር፤ ግን አንዳቸውም አልለቀቁም። ሁለቱም በዓመቱ ግምገማ ላይ “አስመጣሁ” የሚሉት ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው እየጮኹ፣ ሲያባራ እየቀነሱ ቀጠሉ። እኔ እጽፋለሁ።

በዚህ መሃል የንብረት ክፍሉ ሹም ዓይናቸውን ገለጡና ማመልከቻውን ሳቡት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። “የመሣሪያው ባለቤት፦ ሁለቱ ተቋማት” ይላል።

“ይህን ማን ጻፈው?”

“እኔ ነኝ” አልሁ።

“ተቋም እጅ የለውም፣ የኔ ልጅ። የሚፈርም ሰው ነው። ዕቃው ሲገባ በሰው ስም ነው የምመዘግበው፤ ሲሰበርም የምጠይቀው ሰው ነው። እዚህ ላይ ስም አስገቡ።”

ንብረት በስም ሲመዘገብ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በስምህ ያለውን ዕቃ ሌላ ሰው እስኪረከብህ ድረስ ክሊራንስ የለህም፤ ዝውውር ቢፈቀድልህ፣ ትምህርት ቢደርስህ፣ ጡረታ ብትወጣ፣ ንብረት ክፍል ሳይፈርም ከበሩ አትወጣም። የሚረከብ ደግሞ የለም። ደህናውን ዕቃ የፈራ የተበላሸውን አይነካም።

“እንዲያው ሳስበው” አለ የቡሬው መምህር፣ “ፍኖተ ሰላም ይሻላል። እናንተ ጋ ልምዱ አለ።”

“የለም፣ የለም” አሉ ኃላፊያችን፣ “ያልኸው እውነት ነው፤ ቡሬ መንታ መንገድ ናት።”

“መብራቱ ግን እናንተ ጋ...”

“ሻማ ነው ያለን አላልሁህም?”

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ቀና ስል ግን ሦስቱም እኔን እያዩ ናቸው።

“እሷስ?” አሉ የንብረት ክፍሉ ሹም። “የጻፈችው እሷ፣ መሣሪያውን የምታውቀው እሷ።”

“ጎበዝ ልጅ ናት” አሉ ኃላፊያችን ቀስ ብለው።

“ልጅ የላት፣ ትዳር የላት። የት ትሄዳለች?”

“እንግዲያው እንኳን ደስ ያለሽ!” አለ የቡሬው መምህር። “ባለቤት አገኘሽ። ሠርጉ ላይ ሚዜ እኔ ነኝ።”

ሳቁ። እኔም አቀርቅሬ አብሬ ሳቅሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ እንደተቀበለኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ምዝገባው በመስከረም ነው። ለማንም አልተናገርሁም። በዚያን ጊዜ እሄዳለሁ ብሎ ቀድሞ የተናገረ ሰው በአንድ ለአምስቱ የሠራተኞች ግምገማ ላይ “ልቡ ሥራው ላይ የለም” ይባልበታል፤ ፈቃዱም ይዘገይበታል። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ በጽሑፍ ልጠይቅ አስቤ ነበር። አሁን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁና መልሼ ቃለ ጉባኤው ላይ አቀረቀርሁ። ዝም ማለቴን መስማማት አደረጉት። ኃላፊያችን በገዛ እጃቸው “ሁለቱ ተቋማት” የሚለውን ሰርዘው ስሜን ጻፉበት።

“ዛሬ በንጹሕ ገልብጪውና ጠዋት ፈርመሽ፣ አሳትመሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ። እሺ?”

“እሺ” አልሁ። ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ፈቃዴን ጠይቆ አያውቅም።

ከስብሰባው ስወጣ የሄድሁት ወደ ምርመራ ክፍሉ ነው። የላብራቶሪ ቴክኒሻናችን ብልቃጦች እያጠበች ነበር። በዕድሜ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ገና ከበሩ ስገባ ፊቴን አየችው።

“ዳሩሽ አሉ” አለችኝ።

“ማን ነገረሽ?”

“የዚያ የቡሬው ሳቅ ግድግዳ ያልፋል።”

ጥግ ላይ አንድ የተጣራ ውኃ የሚያወጣ ማሽን ቆሟል። እኔ ከመቀጠሬ ብዙ ዓመት በፊት የተበላሸ ነው፤ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ሸረሪት አድርቶበታል። የተመዘገበው በእሷ ስም ነው። ባሏ ደብረ ማርቆስ ያስተምራል። ወደዚያ ዝውውር ተፈቅዶላት ነበር፤ ማሽኑን የሚረከባት ጠፍቶ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

“እኔ እንግዲህ ሁለት ባለቤት ነው ያለኝ” አለች ብልቃጡን እያራገፈች። “አንዱ ደብረ ማርቆስ ነው። ሌላው ይኸው፣ ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል። አብሬው የምውለው ከዚህኛው ጋር ነው።”

“አይሠራም ብለሽ አታመለክችም?”

“በየዓመቱ ቆጠራ ይመጣሉ። ያዩታል። ‘አለ’ ብለው ምልክት ያደርጉና ይሄዳሉ።” ብልቃጡን ደፍታ አስቀመጠችው። “አለ እንግዲህ። እሱም አለ፣ እኔም አለሁ።”

“ምን ላድርግ፣ እትዬ?”

“ፈርሚ አልልሽም። አትፈርሚም አልልሽም፤ መሣሪያው ቢመጣ ከሁሉ በፊት የምደሰት እኔ ነኝ። ግን አንቺ እሺ ስትይ እሰማሻለሁ። እሺ ከማለትሽ በፊት አየር እንኳ አትስቢም።”

ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የቀረው አንድ ገጽ ብቻ ነው። “የመሣሪያው ባለቤት” ከሚለው ቀጥሎ ስሜን ጻፍሁ፤ አጠፋሁት፤ መልሼ ጻፍሁት። ካልፈረምሁ ማመልከቻው በእኔ ምክንያት ይቀራል፤ እነዚያ ገበሬም በመጪው ዓመት ጊዜው ያለፈበት ውጤት ይዘው ይሄዳሉ። ከፈረምሁ ደግሞ በእትዬ ማሽን አጠገብ ሌላ ጥግ አለ፤ የእኔ ነው። ግራ ብል ቀኝ ብል የሚያስወጣኝ አላገኘሁም። ባለቤት የሚለውን ቃል ብዙ ስላየሁት ትርጉሙ ሁሉ ጠፋብኝ፤ ፊደሉ ብቻ ቀረ። የመጨረሻዋን ት እያየሁ ሳለ እጄ ቀደመኝ። ቷን ቶ አደረግኋትና ች ጨመርሁባት።

ባለቤቶች።

ከሥሩ ሁለት የስምና የፊርማ መስመሮች አሰመርሁ። አንዱ ለክፍላችን ኃላፊ፣ አንዱ ለቡሬው ኮሌጅ ተወካይ። ቀጥዬም እንዲህ ጻፍሁ፦ “ከባለቤቶቹ አንዱ በዝውውር፣ በትምህርት ወይም በጡረታ ሲለቅ፣ ተተኪው እስኪመደብ መሣሪያው በሌላው ስም ይቆያል፤ የሚለቀውም ክሊራንስ አይከለከልም።” አትሜ አቃፊው ውስጥ አስገባሁት። የራሴ ስም የትም አልነበረም። እንደ ሰረቀ ሰው በጓሮው በር ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊያችን ኪዳን አድርሰው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሲመጡ ቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

“ፈረምሽ?” አሉኝ የማኅተሙን መሳቢያ እየከፈቱ።

ገጹን አስቀመጥሁላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። አንብበው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

“ማን አዘዘሽ?”

“ማንም።”

“በኅዳር ጡረታ እወጣለሁ። በስሜ ዕቃ ይዤ እንዴት ልወጣ?” ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። “‘በጡረታ’ ያልሽው ለእኔ ብለሽ ነው?”

“መውጣትዎን አላወቅሁም ነበር። ‘በትምህርት’ ያልሁት ግን ለራሴ ብዬ ነው።”

“የምን ትምህርት?”

“ተቀብለውኛል። በመስከረም ነው የምሄድ።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “ታዲያ ትናንት ምነው አልተናገርሽ?”

“ጸሐፊ ነበርሁ” አልሁ።

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። “መጀመሪያ የቡሬው ይፈርም። እሱ ከፈረመ እኔም እፈርማለሁ።”

“እሱም ይህንኑ ነው የሚል።”

“እና ምን ይሁን ትያለሽ?”

“እርስዎ ካልፈረሙ ባሕር ዳር አልሄድም።” ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወጣ።

“ማመልከቻው ይቅር?”

ይህን እንዲጠይቁኝ አልፈለግሁም ነበር። ጤፋቸውን አጭደው የመጡት ሰው ወረቀቱን ሲያገላብጡ ታዩኝ። ጨክኜ የምናገር ሴት አይደለሁም። አየር ሳብሁ።

“ይቅር” አልሁ።

ኃላፊያችን ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ፈረሙ። ማኅተሙን አንስተው ሁለት ጊዜ እፍ ካሉበት በኋላ አጥብቀው መቱት። “አንቺ ልጅ” ብለው ጀመሩና ተዉት። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

መናኸሪያ ስደርስ የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሞልቶ ሊወጣ ነበር። ከመንገድ ለቡሬው መምህር ደወልሁለት፤ የቡሬ መናኸሪያ በር ላይ እጠብቅሻለሁ አለኝ። በግራና በቀኝ ዝናብ የጠገበው ቀይ አፈር ያልፋል፤ በቆሎው አንዳንዱ ቦታ ሰው ያክላል፣ አንዳንዱ ቦታ ጉልበት አልደረሰም። ምክንያቱን በዓይኔ ብቻ እገምት ነበር።

ቡሬ ስንገባ መምህሩ በባጃጆቹ መሃል ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ።

“ሙሽሪት! ፈረምሽ አይደል?”

የሚኒባሱን በር ከፍቼ እስክሪብቶዬን አስቀድሜ ሰጠሁት፤ ከዚያ ወረቀቱን። እያነበበ ሲሄድ ሳቁ ከፊቱ ላይ ተነሣ። ኃላፊያችን የፈረሙበትን መስመር አየ፤ ባዶውን መስመር አየ፤ እኔን አየ።

“ቆይ፣ ይህን ለዲናችን ላማክረው እንጂ...”

“ዲኑ የሰጡህ ውክልና አቃፊው ውስጥ ነው” አልሁት።

“እህቴ፣ ግቢ ወይ ውረጂ! እንሂድበት!” አለ ረዳቱ፣ በሩን ሊዘጋ እየጎተተ።

“ትንሽ ጠብቀን፣ ወንድሜ” አልሁና አንድ እግሬን አውርጄ በበሩ መሃል ቆምሁ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ከኋላ ሰዎች አጉረመረሙ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። መምህሩ ወረቀቱን ቆማ የነበረች ባጃጅ ላይ እስኪያስደግፍና ጎንበስ እስኪል ድረስ እግሬን አላነሣሁም።