ዐሥር ጠዋት ከሸማኔው ጋር

የያዙኝ ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው፣ «መምህር፣ ለጥያቄ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ተማሪዎቻችንን ከክፍል አውጥተን ለሰልፍ አንወስድም» ካልኩ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

ወደ ማቆያው ወስደው ሲመዘግቡኝ ቀበቶዬን፣ ስልኬንና መጽሐፍ ቅዱሴን ተቀበሉኝ።

«መጽሐፉን እንኳ ተዉልኝ» አልኩ።

«ወረቀት አይገባም» አለኝ መዝጋቢው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር።

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ስለነበር ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም። ከረፋድ ጀምሮ የቆርቆሮው ሙቀት አናት ላይ ይወርዳል። ዐሥራ አራት ሰዎች ነበርን። በሩ አጠገብ ቦታ ሰጡኝና ተቀመጥኩ። ከመጽሐፉ የምወደውን መዝሙር በልቤ ለማለት ሞከርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ እዚያው ቆምኩ። ሃያ ዓመት ያንን መጽሐፍ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሻለሁ፤ የጥናት ቡድን መርቻለሁ። በቀይና በሰማያዊ ያሰመርኩበት ገጽ ሳይቀር ይታየኛል፤ ቃሉ ግን የለም። አፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከገረሴ በኩል የመጡ ሸማኔ ነበሩ። የታሰሩት ስለ መንደራቸው መሬት በስብሰባ ተናግረው ነው። ከንፈሬን ሲያዩ ቆይተው፣ «ምን ጠፋህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የቀረውን እስከ መጨረሻው አሉልኝ፤ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጡ።

«ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ቢያነቡት ነው?»

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «ጠዋት ባለቤቴ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቁጥር ታነብልኛለች። ከዚያ ሥራዬ ላይ እቀመጣለሁ። መወርወሪያውን ወዲህ ስወረውር አንድ ቃል፣ ወዲያ ስወረውር አንድ ቃል። ማታ ጋቢው ባያልቅም ቃሉ ያልቃል።» ቀጠሉና፣ «እናንተ የተማራችሁት አንብባችሁ መጽሐፉን ትዘጋላችሁ። እኔ የምዘጋው የለኝም» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ ከጠዋት ቆጠራ በኋላ አንድ ቁጥር ይሰጡን ጀመር። ከአንድ በላይ ብንለምናቸውም እምቢ ይላሉ። ያንን ይዘን እንውላለን፤ ውኃ ስንቀዳ፣ ወለሉን ስንጠርግ፣ ለሽንት ቤት ተራ ስንጠብቅ። ወደ ማታ እያንዳንዳችን ቃሉ ቀን የት እንዳገኘን እንናገራለን። አንድ ባጃጅ ነጂ፣ «ዛሬ ሽንት ቤት ሳጥብ አልተማረርኩም» አለ። ሽማግሌው በጣም ደስ አላቸው።

ዐሥረኛውን ቁጥር በተቀበልንበት ቀን ረፋድ ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ የታተመ ወረቀት ነበር። ሸማኔው በጸሎት ስም እስረኞችን እየሰበሰቡ ይቀሰቅሳሉ ይላል። ምስክሩ እኔ ነኝ።

«እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አለኝ። «እዚህ ጋ ይፈርሙ፤ ምሳዎን ቤትዎ ይበላሉ።»

ባለቤቴ ያን ጠዋት ስንቅ ይዛ መጥታ ነበር፤ ድምፅዋን ከበሩ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቴን ፈለግኩ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ።

የዚያን ጠዋት ቃል ስለ ምስክርነት አልነበረም፤ ስለ ምስጋና ነበር። ግን ከነጋ ጀምሮ እያላመጥኩት ስለቆየሁ ገና አፌ ውስጥ ነበር። በዚያው አፍ ውሸት መናገር አልሆነልኝም።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። በጀርባው ሽማግሌው የሰጡንን ዐሥሩንም ቁጥሮች በተራ ጻፍኩ። እጄ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልቆመም። መርማሪው ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አነበበ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽማግሌው የሚናገሩት ይሄ ነው። ሌላ አልሰማሁም።»

«ስለዚህ አይፈርሙም?»

«ከዚህኛው ሥር እፈርማለሁ» አልኩና ሙሉ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው ቦታ ለቀቁልኝ። «ምን አሉህ?»

«እርስዎ በየጠዋቱ የሚሉትን ጠየቁኝ።»

«ታዲያ አስታወስክ?»

«ሁሉንም።»

ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ «ጎበዝ» አሉኝ። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ አልተሰማኝም።

እሳቸው በሁለት ሳምንት ተፈቱ፤ እኔ ተጨማሪ ወር ቆየሁ። አሁን ተመልሼ አስተምራለሁ። ጠዋት አንድ ቁጥር ብቻ አነብባለሁ። ባጃጅ ላይ፣ ሰሌዳ ስጠርግ፣ የተማሪ ደብተር ሳርም ከእኔ ጋር ይውላል። ባለቤቴም ጀምራለች፤ ማታ ራት ላይ ቃሉ የት እንዳገኘን እንነጋገራለን።

በሕይወቴ ብዙ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። የምኮራው ግን በዚያን ቀኑ ፊርማዬ ነው። ወረቀቱ ዛሬ በየትኛው መዝገብ ውስጥ እንዳለ አላውቅም። ማንም ቢያወጣው የሚያገኘው እውነት ነው፤ ከሥሩም ስሜ አለ።