ሁሉም ሲወርድ እኛ የወጣን ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ አሮጌ የሸራ ቦርሳ አውርዳ፣ አቧራውን ሳሎን መሃል እያራገፈች፣ ከጓደኞቿ ጋር እንጦጦ ፓርክ «ሃይኪንግ» ስለምትሄድ እንዳውሳት ጠየቀችኝ። የራሷ ቦርሳ ዚፑ ተበላሽቷል አሉ። ሸራው ሲራገፍ የወጣው ሽታ፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከገብስ ቆሎና ከሻገተ ጨርቅ ጋር የተቀላቀለው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ታጥፎ ተቀምጦ እንዴት እንዳልጠፋ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ ቦርሳው ስላረጀ ያፈርኩ መስሏት ሳቀች።

ቦርሳው የወንድሜ የብርሃኑ ነው። ኮተቤ ገበያ ዳር የነበረውን ድንኳን ሰፊ ስንት ቀን ደጅ ጠንቶ ያሰፋው፣ ማንገቻው ከአሮጌ መኪና ቀበቶ የተቆረጠ፣ ባዶውን እንኳ አንግቦት መስተዋት ፊት የሚቆምበት ቦርሳ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ ብርሃኑ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የማትሪክ ውጤት ይጠብቃል፣ ከአጥር ማዶ ያለው ጓደኛው ኑሪም እንደዚያው። ኑሪ የባለሱቋ የእትዬ ዘይነባ አንድ ልጅ ሲሆን፣ ከእጁ የማትለይ ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው፤ የደከመ የባትሪ ድንጋይዋን ፀሐይ ላይ እያሰጣ ነፍስ ይዘራባታል፣ በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ ደግሞ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ያሞቀዋል። አንድ እጁን ከጎኑ አጣብቆ ሲሄድ የሚያይ ሰው ክንዱ የተሰበረ ይመስለው ነበር። እኔ ገና ቀሚሴን እየረገጥኩ የምወድቅ ልጅ ነበርኩና፣ ሁለቱ የሄዱበት ሁሉ ካልሄድኩ ብዬ አለቅስ ነበር።

በዚያ ክረምት አፈሳው ብሶ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ወንድ ልጅ ከታክሲ ወረፋ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከለቅሶ ቤት ሳይቀር እየተለቀመ ይጫናል። ቀበሌያችን ኮታውን አልሞላም የሚል ወሬ በሰፈሩ ሲናፈስ፣ እናቴና እትዬ ዘይነባ አጥር ተደግፈው ተማከሩና ልጆቹ ከእንጦጦ ጀርባ ካለችው ትንሽ ከተማ፣ ከእናቴ ታናሽ እህት፣ ከአክስቴ ከአሰለፈች ዘንድ ሄደው ግርግሩ እስኪያልፍ እንዲቆዩ ቆረጡ። ከተማዪቱ ጸጥ ያለች ናት፣ የመንግሥት ዓይን አይደርስባትም ተባለ። መኪና መንገዱ ኬላ ስላለበት በእግር፣ በጫካው ነው የምንሄደው። እኔን የጨመረችኝ ደግሞ እናቴ ናት፤ ሴት ልጅ አብራቸው ካለች ዘመድ ጠያቂ ይመስላሉ አለች። ለቅሶዬ ፍሬ አፈራ ብዬ ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፍልሰታ ጾም ነበርና ስንቃችን ቆሎና ዳቦ፣ ተልባና የተቀቀለ ድንች ነው። ኑሪ የእኛን ጾም ከእኛ በላይ ይወደው ነበር፤ ሥጋ ከሌለ «ማን አረደው» የሚባል ነገር ስለማይመጣ ከአንድ ሳህን ያለ ሐሳብ እንበላለን። በየካ በኩል ባለው ጫካ ሽቅብ ስንያያዝ ጉሙ ከፊታችን እየተከፈተ ከኋላችን ይዘጋል፣ ከባሕር ዛፉ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ አንገታችን ውስጥ ይገባል፣ ጭቃው የአንድ እግር ጫማዬን ደጋግሞ እያስቀረ ብርሃኑን ያጎነብሰዋል። ብርሃኑ በዚያ ሁሉ መሃል የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ይዞ መምጣቱ ታወቀና ኑሪ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እንደዚያ ዕለት ስቄ አላውቅም።

ተራራው ወገብ ላይ ስንደርስ የማገዶ ተሸካሚ ሴቶች እንደ ቀስት ጎብጠው ሲወርዱ አገኘናቸውና መንገድ ለቀቅንላቸው። ከመሃላቸው አንዲት ሸምገል ያሉት ሸክማቸውን አቀበቱ ላይ አስደግፈው፣ ሁለቱን ወጣቶች ከእግር እስከ ራስ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ወንድ ልጅ ወደ ላይ ሲወጣ ዛሬ ማየቴ ነው፤ የሰሞኑ ሁሉ ወደ ታች ነው የሚወርደው» አሉ። ብርሃኑ እኛ ግን ሽርሽር ላይ ነን ብሎ ቀለደባቸው። ሴትዮዋ አልሳቁም፤ ማርያም ትከተላችሁ ብለው ሸክማቸውን አነሡ።

ከተማዪቱ በእርግጥም ጸጥ ያለች ነበረች። ከሰዓት በኋላ ገብተን አንዲቱን ጎዳና ስናቋርጥ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፣ ኳስ የሚጫወት የለም፣ ከየደጁ አሮጊትና ሽማግሌ ብቻ አንገታቸውን እያወጡ ያዩናል። ኑሪ ይህ እንኳ ለጥናት ይመቻል አለ። አክስቴ አሰለፈች በሩን ስትከፍት የዘመድ ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነው ፊቷ ላይ ያየሁት፤ ወደ ውስጥ ገፍትራ አስገባችንና በሩን ከኋላችን ቀረቀረችው። ልጇ ደጀኔ የት እንዳለ ብርሃኑ ሲጠይቃት፣ ብሉ አለች እንጂ አልመለሰችም።

ገና ሁለት ጊዜ ሳንጎርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ዣንጥላውን እያራገፈ ገባ። ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ቁጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከአጠገባችን ተቀምጦ ስማችንን ጠየቀ፣ ኑሪ ድንጋይ ብብቱ ውስጥ የሚያሞቅበትን ምክንያት ሲሰማ ከልቡ ሳቀ። ውጭ ግን ሁለት ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች ዝናቡ እየወረደባቸው ቆመው ነበር። አክስቴ ሁሉ ነገር ገብቷት መሬት ላይ ተንበረከከች።

«የቤቴ እንግዶች ናቸው» አለችው። «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እንግዳዬን አይንኩብኝ።»

«እንግዶችሽ መሆናቸውን አላጣሁትም» አላት ቀስ ብሎ። «ግን አሰለፈች፣ ያንቺ ልጅ የት ነው?»

አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ጊዜ በልጅ አእምሮዬ የከተማዋ ጸጥታ ምን እንደሆነ ገባኝ። የዚያች ከተማ እናቶችም በየአጥራቸው ተማክረው ልጆቻቸውን ወደ ታች፣ ሰው በሰው ላይ በሚራመድበት በአዲስ አበባ፣ በየዘመዱ ቤት ሊሸሽጉ ልከዋቸዋል። እኛ ልንሸሸግ የመጣንበት አገር ሸሽቶ እኛ አገር ገብቷል። ከቤት ቤት ቢፈለግ ብርሃኑና ኑሪ ብቻ ነበሩ የተገኙት፤ ሊቀመንበሩም የሚያስረክበው ሰው ነበረበት።

ብርሃኑ አልተሟገተም። ቦርሳውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና «ለእማዬ ደህና ነን በያት፤ ቦርሳውንም እንዳታረጥቢው» አለኝ። ኑሪ ሬዲዮኑን «ለእናቴ ስጪልኝ» ብሎ አስጨበጠኝ። ድንጋዮቹ ብብቱ ውስጥ ቀሩ፤ እሱም አላስታወሰ፣ እኔም አላስታወስኩ።

በማግስቱ አክስቴ በዚያው ጫካ ይዛኝ ወረደች። ቤታችን ደርሰን ስናንኳኳ በሩን የከፈተልን ደጀኔ ነው። እኛ በየካ ስንወጣ እሱ በሌላ በኩል ወርዶ፣ ለካ አንድ ጉም ውስጥ ሳንተያይ ተላልፈናል። የብርሃኑን ሹራብ ለብሷል። እናቴ ከጓዳ ወጥታ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን ባዶ መንገድ፣ ከዚያ እህቷን አየች። አክስቴ እግሯ ሥር ወደቀች።

«እትዬ፣ ውሰጂው» አለቻት። «ለቀበሌ አስረክቢና ያንቺን ያስመልሱልሽ። አልቀየምሽም።»

እናቴ ዓይኗን ደጀኔ ላይ ተከለች። እንደምታደርገው አውቅ ነበር፣ እንድታደርገውም ፈልጌ ነበር፤ ደጀኔን በዚያች ሰዓት ከሰው ሁሉ አብልጬ ጠላሁት። እሱም ጫማውን ለማድረግ ጎንበስ አለ። እናቴ ግን ወደ ጓዳ ተመልሳ ምግብ ይዛ ወጣችና ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ብላ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል።»

እትዬ ዘይነባ ከሁላችንም የሚበልጥ ቂም መያዝ ይገባት ነበር፤ ደጀኔ ምኗም አይደለም። አሰሳው ወደ እኛ ሰፈር ሲመጣ ግን ከሱቋ ኋላ፣ ከዱቄት ጆንያዎቹ መሃል የሸሸገችው እሷ ናት። ሬዲዮኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ ድንጋይ ሞልቶ በተረፈበት ሱቅ ውስጥ አንድም ቀን አላስገባችበትም።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በኮተቤ መንገድ እየተንጠባጠበ ሲያልፍ፣ ሁለቱ እናቶች መንገድ ዳር እንጀራና ውሃ ይዘው እየቆሙ እያንዳንዱን ያጎርሱ ነበር። ሁሉንም ይጠይቃሉ፤ ብርሃኑንና ኑሪን አውቃለሁ ያለ አልተገኘም። መንገዱ ጭር ካለም በኋላ ይወጡ ነበር። ደጀኔ አድጎ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ በየበዓሉ መጥቶ ብርሃኑ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ እሷም ከሁላችን አስቀድማ ታጎርሰው ነበር። አንድ ጊዜ አንጀቴ አሮ፣ ለምን ለእሱ እንዲህ ትሆኚለታለሽ አልኳት። ወጥ ማውጣቷን ሳታቋርጥ «የሰው ልጅ ካላበላሁ የእኔን ማን ያበላልኛል?» አለችኝ። ብርሃኑ ከሄደ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር።

ለልጄ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ቦርሳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩና ቆሎና ዳቦ ሞላሁበት፤ አንሥታ ክብደቱን ስትሞክረው እየሳቀች፣ እኔና ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ለሳምንትም አንጨርሰውም አለች። ተራራው ላይ የሚሸጥ ምግብ ሞልቷል፣ ቅነሽልኝ ብላ ለመነችኝ። አልቀነስኩም። መንገድ ላይ ላገኘሽው ወጣት ሁሉ ስጪ አልኳት። የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ እሰጣለሁ ብላ ጠየቀችኝ።

«ብላ በይው» አልኳት።