ኪሴ ውስጥ የቀረው ደብዳቤ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር እሳቸው ፊት እንበረከክና ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እንዴት ብዬ ልጀምረው? "አባቴ፣ አንድ ደብዳቤ ደበቅሁ" ብላቸው ምኑ ይገባቸዋል? አንዲት ወረቀት የሰው ስም ታጠፋለች ብል ያምኑኛል? እናንተን አላውቃችሁም። ፊታችሁን ስለማላይ ትንሽ ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ከእናንተ ጀመርኩ።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነበርኩ። የቡድኑን ስም አልጠራውም፤ ዛሬ የለም። መደበኛ ሥራዬ የስፖርት መምህርነት ነው። አዲስ አበባ ሄጄ የአሰልጣኝነት ኮርስ ወስጄ የተመለስኩ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከተማ መሀል የምንጎራደድ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ሰው ነበርኩ። መንገድ ላይ "አሰልጣኝ ሙሉቀን!" ብሎ የሚጠራኝ ሲገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል።

የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ይርዳው ነበሩ። በወጣትነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ኋላ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው የኖሩ፣ ኳስ በእግራቸው ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድቻቸው ሦስት ጊዜም ረስተውታል። እኔም በልቤ "እኚህ ሰው ግን ምን ይሠራሉ?" እል ነበር። መኪና ይለምናሉ፤ ማሊያ ያሳጥባሉ፤ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ይኸም ሥራ ነው? ቡድኑን የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ስናሸንፍ ግን ሰው ሜዳ ገብቶ የሚያቅፈው እሳቸውን ነው። ልጆቹ ሲታመሙ የሚሄዱት እሳቸው ቤት ነው። ደብዳቤ ሲመጣ የሚጻፈው ለእሳቸው ነው። እኔ ምንድን ነኝ? ፊሽካ ነፊ ነኝ? እያልኩ ቅናቱን ለብቻዬ አሳደግሁት። ቅናት መሆኑን ያኔ አላውቅም፤ መብቴን የተነጠቅሁ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ወደ ክልሉ ውድድር ለማለፍ አንድ ጨዋታ ቀረን። ጨዋታው እሑድ ደጀን ላይ ነው። እኩል እንኳ ብንወጣ እናልፋለን። በዚያው ሳምንት ደግሞ በረኛችን በላይነህ ጠፋ። የቁይ ገበሬ ልጅ ነው። ወቅቱ የመኸር ስለነበር አባቱ "እህሉን ማን ሊወቃልኝ ነው?" ብለው አስቀሩት። ጋሽ ይርዳው ሐሙስ ጠዋት ተነሥተው ልጁን ሊለምኑ ቁይ ሄዱ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ትምህርት ቤት በር ላይ አስጠራኝ።

"ከደጀን የተላከ ነው፤ ጋሽ ይርዳውን ቤታቸው ሄጄ አጣኋቸው፤ አንተ ስጥልኝ" ብሎ ፖስታ አቀበለኝና ሄደ።

ፖስታው ላይ "ለቡድኑ ሥራ አስኪያጅ" ይላል። ቆሜ አየሁት። ሁልጊዜ ለሥራ አስኪያጅ! ቀደድኩት። እሑድ ሜዳው ለስብሰባ ስለሚፈለግ ጨዋታው ወደ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተዛውሯል ይላል። አጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ትንሽ ነበር። ነገ ሲመጡ ልጆቹ ፊት ቆሜ "ደብዳቤ ሲመጣ እርስዎ የሉም፤ የያዝኩልዎ እኔ ነኝ" ልላቸውና ላሳፍራቸው ነበር ያሰብኩት። ክፋቴ ከዚህ አያልፍም ነበር።

አርብ ዕለት በላይነህን ይዘው መጡ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ አባት በርቷል። ልምምድ ላይ ነበርን። ልጆቹ በላይነህን ሲያዩ ጮኸው ከበቡት።

"ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ የቀረ ልጅ አላሰልፍም" አልኩ።

ጋሽ ይርዳው ወደ እኔ ቀረብ አሉ። "ሙሉቀን፣ በኳሱ ነገር አንተ የምታውቀውን እኔ አላውቅም። ግን አባቱን እግራቸው ላይ ወድቄ ነው ያመጣሁት። ሳይጫወት ብመልሰው ሁለተኛ አይሰጡኝም።"

"እግር ላይ ወድቆ ጨዋታ ያሸነፈ የለም" አልኳቸው።

ማንም አልሳቀልኝም። አምበላችን መሬት መሬት እያየ "አሰልጣኝ፣ ጋሽ ይርዳው ያሉት ይሁን" አለ። ሌሎቹም ይሁን አሉ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት ወረቀቱን ነካሁት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጆቹ ሁሉ ፊቴ ቆመዋል። አንድ ቃል ብናገር ነገ ጠዋት ተሳፍረን በሰዓቱ እንደርስ ነበር። አንድ ቃል! እኔ ግን እጄን ከኪሴ አወጣሁና ፊሽካዬን ነፋሁ።

ረሳሁት ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። ቅዳሜ ቤቴ ተቀምጬ ሰዓት ሳይ ዋልኩ። አሁን ተጋጣሚዎቻችን ተሰልፈዋል። አሁን ዳኛው ሰዓቱን ያያል። አሁን ጨዋታው ለእነሱ ተወሰነ። ምን ፈልጌ ነበር? ጋሽ ይርዳው ከሥራቸው እንዲነሡ? ልጆቹ እንዲያፍሩ? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የማገኘው መልስ ሁሉ ያሳፍረኛል።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልናገር። እሑድ ከእነሱ ጋር ተሳፈርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ከማርቆስ ተነሣን፤ ልጆቹ እየዘፈኑ ነው። እኔም አጨበጨብኩ። ጨዋታው ትናንት ማለቁን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ እንደዚያ ሆኜ እስከ ደጀን ድረስ አጨበጨብኩ። በላይነህ ጓንቱን መኪና ውስጥ ነው ያጠለቀው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ፤ ወንበር ይደረድራሉ። አንድ ዘበኛ መጥቶ አየንና፣

"ትናንት አልነበረም እንዴ? ሲጠብቋችሁ ቆይተው ሄዱ እኮ!" አለን።

በላይነህ ወደ እኔ ዞረ። "አሰልጣኝ፣ ሰውየው ምን እያለ ነው?"

"እንጃ" አልኩት።

ጋሽ ይርዳው ሜዳው ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲወድቅ የሚታይ ሰው አለ፤ እሳቸው ግን ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። ትንሽ ቆይተው ተነሡና ውድድሩን ወደሚመሩት ሰዎች ብቻቸውን ሄዱ። ሲመለሱ ማንንም አላዩም። እኔንም አላዩኝም። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ቀዳድጄ ጣልኩት።

የቡድኑ ኮሚቴ በማግስቱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው "ደብዳቤው ደርሶዎታል ወይስ አልደረሰዎትም?" ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ይርዳው "በእጄ አልገባም። ኃላፊነቱ ግን የእኔ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም። እኔ ከእሳቸው ሦስት ወንበር ርቄ ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ "አሰልጣኝ፣ የምትለው አለህ?" ሲለኝ የለኝም አልኩ። በዚያው ዕለት ከሥራ አስኪያጅነት ተነሡ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ከተማው "ጨዋታውን ሸጦት ነው" ማለት ጀመረ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ አልጀመርኩትም፤ ግን ሲወራ ቆሜ ሰምቻለሁ። ልጃቸው ትርንጎ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ልጆች "የሻጩ ልጅ" ሲሏት በመስኮት አየሁ። መስኮቱን ዘጋሁት።

ዓመቱ ሳያልቅ ጋሽ ይርዳው ቤተሰባቸውን ይዘው ሉማሜ ገቡና ሻይ ቤት ከፈቱ። የሥራ አስኪያጁም ቦታ ለእኔ ተሰጠኝ። የተመኘሁትን አገኘሁ!

የእሳቸው ሥራ ምን እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ከገጠር የመጡት ልጆች የሚያድሩባቸው ቤቶች ባለቤቶች "ያስጠጋናቸው ጋሽ ይርዳው ስለለመኑን ነበር" አሉና አንድ በአንድ አስወጧቸው። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን እናት እንደታመመች፣ የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ ወደ ልምምድ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። እሳቸው ያውቁ ነበር። ከቀሳውስቱ ጋር ተነጋግረው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉትን ልጆች ከቅዳሴ በኋላ የሚያስለቅቁት በዲማ ትምህርታቸው ስለሚከበሩ ነበር፤ እኔን ማን ያዳምጠኛል? እኔ አሥራ አንድ ሰው ማሰለፍ አውቃለሁ። አሥራ አንዱ ሰው እንዴት ከየቤቱ መጥቶ እዚያ ሜዳ ላይ እንደሚቆም አላውቅም። ቡድን የሚባለው ያ ኖሯል።

በላይነህን ለማምጣት ቁይ ሄድኩ። አባቱ አውድማ ላይ ናቸው። ሰላም አልኳቸው፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ይርዳውስ?"

"ለቀዋል። አሁን ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ።"

"እኔ ልጄን የሰጠሁት ለይርዳው ነው" አሉና ወደ በሬዎቻቸው ዞሩ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ቡድኑ ፈረሰ። እያየሁት ፈረሰ። ለማቆም የማልሞክረው ነገር አልነበረም፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። አንድ ጊዜ ሜዳ ሄጄ አራት ልጅ ብቻ አገኘሁና ኳሱን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር አውቶቡሱ ሉማሜ ይቆማል። ሰው ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል፤ እኔ መጋረጃውን ስቤ እተኛለሁ። እንዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ ልንገራችሁ? አልነግራችሁም፤ ብዙ ነው። አንድ ቀን ግን ወረድኩ። ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። አዩኝና ራሳቸው ሻይ ይዘውልኝ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ጋሽ ይርዳው፣ አንድ የምነግርዎ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተወው ሙሉቀን" አሉኝ። "ደብዳቤውን የሰጠህ ሾፌር ያን እሑድ ዕለት ደጀን አግኝቶኝ ነግሮኛል።"

ከኮሚቴው ስብሰባ በፊት ያውቁ ነበር! ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። "ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው።

"ብናገር አንተን ያባርሩሃል። ሥራ አስኪያጅ የትም ይገኛል፤ አሰልጣኝ ከሌለ ግን ልጆቹ ይበተናሉ ብዬ ነው።" ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። "ተሳስቼ ነበር መሰለኝ። ተበተኑብህ አሉ።"

ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? በሩን ቢያሳዩኝስ? የአውቶቡሳችን ሾፌር ጡሩምባ ሲነፋ ተነሥቼ ሄድኩ። ይቅር በሉኝ እንኳ አላልኳቸውም። ጥፋቴን እሳቸው ተናገሩት እንጂ ከእኔ አፍ አልወጣም።

ጋሽ ይርዳው ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ለልቅሶ ሉማሜ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ በላይነህን አገኘሁት፤ ጋቢ ለብሶ፣ ልጆች የወለደ ትልቅ ገበሬ ሆኗል። አጠገቤ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆየና በወዲያ በኩል ለተቀመጠው ሰው እንዲህ አለው፦

"እንደ ጋሽ ይርዳው ያለ ሰው አላየሁም። ምን ያደርጋል፣ ያችን ጨዋታ ባይሸጧት ኖሮ።"

ትርንጎ ንፍሮ ይዛ እያዞረች ነበር። ከፊታችን ደርሳ ሰማችው። ሲባል የኖረ ነገር ነውና ለምዳዋለች። እጇ ብቻ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ንፍሮውን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፤ በላይነህ አለ፤ ልጃቸው ፊቴ ቆማለች። አፌን ከፈትኩ። ከፍቼም ንፍሮ ጨመርኩበት።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ልቅሶው ላይ ወጣት አልነበርኩም። ሰይጣን አሳተኝም አልልም። ደብዳቤውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የደበቅሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ልጆቹን ባዶ ሜዳ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።

በላይነህ፣ ጋሽ ይርዳው ያችን ጨዋታ አልሸጧትም።

ትርንጎ፣ አባትሽ ያን ስም ተሸክመው የኖሩት የእኔን ጥፋት ሸፍነው ነው። ስማቸው ሲጠፋ እያየሁ ዝም ብዬ ኖርኩ፤ ከሞቱም በኋላ ዝም አልኩ። አሁን ይቅር በይኝ ልበልሽ ብል ምን አፍ አለኝ?