መርፌው ይግባላቸው

ያንን ክፍል ከዓይኔ በፊት ያወቀው አፍንጫዬ ነው። በሩ ሲከፈት የእግር ሽታ፣ የበረኪና ሽታና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አንድ ላይ ወጡ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሃያ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ፖሊስ ጣቢያው ልደታ ነው፤ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በየጠዋቱ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ በአጥሩ ሥር አልፍ ነበር፤ ውስጡን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

የታሰርኩት በስልኬ በጻፍኳት አንዲት አንቀጽ ነው። እዚህ አልደግማትም፤ ያን ያህልም ጥሩ ሆና አልተጻፈችም። ባለቤቴ ያኔ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች።

"ና እዚህ፣ ቦታ አለ" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ቦታ አልነበረም። ጉልበታቸውን ሰብስበው የፍራሻቸውን ግማሽ ሰጡኝ። የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ክፍሉ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ስኳር አለባቸው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጣሉ፣ ወደ ሽንት ቤት የምንወጣው ግን በቀን ሁለቴ ነው። በሌላው ጊዜ ያለችው ጥግ ላይ የተቀመጠች የፕላስቲክ ጠርሙስ ነች። ጋሼ ወደዚያ ጥግ ሲነሱ ማንም ሳያዝዘን ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን።

ሚስታቸው ኪኒናቸውንና በመርፌ የሚወስዱትን ኢንሱሊን ይዘው ጣቢያው በር ድረስ መጥተዋል። ኪኒኑ ገባ፤ መርፌው ተመለሰ። ስለታም ነገር አይገባም ተባለ። ለኃላፊው ንገሩልን ስንል "ነገ" ይሉናል። ነገ እየተባለ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። የጋሼ እግር ሌት ተቀን ይቃጠላል፤ ዓይናቸውም ብዥ ማለት ጀምሯል።

ተረኛው ፖሊስ ቁልፎቹን በትልቅ ቀለበት አድርጎ ይይዛል። በኮሪደሩ እያንቃጨለ ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ለምርመራ የሚጠራው አንድ ሰው ነው፤ የሚደነግጠው ግን ሃያ። አንድ ቀን ቁልፉ በራችንን አልፎ ሲሄድ ጋሼ የውሃ ጠርሙሳቸውን አንስተው ግማሹን ጨለጡት።

"አስተማሪ ነህ አሉ። ምንድን ነው የምታስተምረው?"

"ባዮሎጂ ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ንገረኛ። ምንም አልበላሁም። ያ ቁልፍ በተንቃጨለ ቁጥር ግን አፌ ይደርቃል፣ ጥሙ ይብስብኛል። ስኳሩ በጆሮዬ ነው እንዴ የሚገባው?"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን ነገር በጣቴ ፍራሹ ላይ ሣልኩላቸው። ይቺ ኩላሊት ነች፤ ከላይዋ እንደ ቆብ የተደፋች ትንሽ እጢ አለች። ስንደነግጥ አድሬናሊን ትረጫለች፤ ልብ ይፈጥናል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል፣ አፍ ይደርቃል። ተከትሎ ኮርቲሶል የሚባለው ይመጣና ጉበትን ያጠራቀምከውን ስኳር አውጣ ይለዋል። ለጡንቻ ነው፤ እንድንሮጥ።

"ወዴት?" አሉኝ።

"ምን አሉኝ ጋሼ?"

"ወዴት ነው የምንሮጠው? በሩ ተቆልፏል እኮ።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ልቤ ውስጥ ቀረ። መጽሐፋችን አንበሳ ይመጣል፣ ትሮጣለህ፣ ሆርሞኑም ይወርዳል ይላል። አንበሳው በቀን ስምንት ጊዜ ሲመጣና አንተ እንደተቀመጥክ ስትጠብቀው ምን እንደሚሆን የምታወራው አንዲት አንቀጽ ብቻ ነች። ስኳር ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ትዝታን የሚይዘው የአንጎል ክፍል ይደክማል ትላለች። እኔ እሷን ለፈተና አትመጣም እያልኩ እዘላት ነበር።

የጋሼና የእኔ ቀጠሮ አንድ ቀን ዋለ። ጋሼ ለዳኛ የሚናገሩትን ከእኔ ጋር አዘጋጁ፤ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ኪኒኔ ገብቷል፣ መርፌዬ ተከልክሏል። ከተከለከልኩ አሥራ ሦስት ቀኔ ነው። ፖሊስ እጅ ይቀመጥልኝ፣ ፖሊስ ፊት ልወጋ።" የቀኗን ቁጥር ብቻ በየጠዋቱ እንለውጣታለን። እኔ ዳኛ ሆኜ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ይቆማሉ። ሲስቱ አርማቸዋለሁ፤ በቀን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። የራሴን ግን አንዴ ብቻ በልቤ አሰብኩት፤ ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ ባለቤቴ ልትወልድ ነው፣ ዋስትና ይፈቀድልኝ። አስተማሪ ነኝ፣ መናገር ሥራዬ ነው ብዬ ተማመንኩ።

ፍርድ ቤት የወሰዱን በአንድ ካቴና አስረው ነው። በመኪናው መስኮት የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። ካቴናው ከጋሼ ላብ የተነሳ እጄ ላይ ይንሸራተታል፤ ወይም ላቡ የእኔ ነበር።

ቀድሞ የተጠራው የጋሼ መዝገብ ነው። ዳኛዋ የመርማሪውን ማመልከቻ አዳመጡና ቀና ብለው "እርስዎስ፣ የሚሉት አለ?" አሏቸው።

ጋሼ ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ክቡር ፍርድ ቤት በሉ፣ በሉ እያልኩ በሆዴ ጮህኩ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ተቀመጡ።

አሥራ አራት ቀን ተጨመረባቸው። ጋሼ ወለሉን ያያሉ። ወዲያው እኔ ተጠራሁ።

"የሚሉት አለ?"

ቆምኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፤ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ባለቤቴን አሰብኳት፤ ፊቷ አልመጣልኝም። ያዘጋጀሁትን ቃል ፈለግኩት፤ ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ያቺን የምዘላትን አንቀጽ እዚያው ቆሜ ተፈተንኳት። ያን ጊዜ አፌ ራሱ ተከፈተ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ኪኒኔ ገብቷል፣ መርፌዬ ተከልክሏል። ከተከለከልኩ አሥራ ስድስት ቀኔ ነው። ፖሊስ እጅ ይቀመጥልኝ፣ ፖሊስ ፊት ልወጋ።"

ዳኛዋ መዝገቡን ገለጡ። "እዚህ የሕመም ነገር የለም። ሕመምተኛው እርስዎ ነዎት?"

"አይደለሁም። እሳቸው ናቸው።"

"ታዲያ ለምን እርስዎ ይናገራሉ?"

"አንድ ፍራሽ ላይ ነው የምንተኛው።"

"ስለ ሌላ ሰው መናገር አይችሉም። ስለ ራስዎ የሚሉት ካለ ይናገሩ፤ ከዚያ ልዘጋው ነው።"

አሁን የባለቤቴ ፊት ተመልሷል። አድራሻው፣ ዋስትናው፣ ልትወልድ ነው የምለው፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጋሼን አየኋቸው። ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም።

"መርፌው ይግባላቸው" አልኩ። "እኔ ሌላ የለኝም።"

ዳኛዋ የጋሼን መዝገብ ከሥር አወጡና መድኃኒቱ በዚያው ቀን እንዲገባ ለጸሐፊዋ አስጻፉ። ለእኔም አሥራ አራት ቀን ተሰጠ። ብለምን ዋስትና ይፈቀድልኝ እንደነበር አላውቅም። ልጄ ግን የተወለደችው በዚያ አሥራ አራት ቀን ውስጥ ነው፤ ወሬውን የሰማሁት ስንቅ በሚገባበት በር ላይ ነው። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ይኸው ዓመታት አለፉ። የምንኖረው እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ደክሞኛል። ጎረቤት በሩን በቆለፈ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ክፍል ውስጥም የምለው ይጠፋኛል እያልኩ የማስተምረውን ሁሉ በወረቀት እይዛለሁ። ያቺን አንቀጽ ግን አልዘላትም፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ እሰጣታለሁ።

ጋሼ ልደታን ሊሳለሙ በመጡ ቁጥር ወደ ቤት ጎራ ይላሉ። ባለፈው ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሳለ ልጄ የቤቱን ቁልፍ እያንቃጨለች ወደ እኛ ሮጠች። ሁለታችንም እኩል ደነገጥን።

"ወዴት ነው የምንሮጠው?" አሉና ሳቁ።

ሰው ሁሉ፣ ባለቤቴም ጭምር፣ ያን ቀን የራሴን ትቼ የጋሼን የተናገርኩ ጀግና አድርጎ ያወራልኛል። ስንት ዓመት የተሸከምኩትን አወጣሁት።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ጀግና አልነበርኩም። የራሴ ጠፍቶብኝ ነው። እርስዎን ሳስጠና የሰማሁት ብቻ ነው በአፌ የቀረው።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "አንድ ካቴና ላይ አልነበርን? የእጅህ ላብ የኔን እጅ አርሶታል።"

ልጄ ቁልፉን አንዴ ለእሳቸው፣ አንዴ ለእኔ ታሳያለች።

"የመጀመሪያውንስ አብረን አጠናነው" አሉ ጋሼ። "'እኔ ሌላ የለኝም' ያልካትን ግን ማን አስጠናህ?"

ልጄ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ፤ መዳፌ እንደ ልማዱ አልቦት ነበር፤ ያም ሆኖ ያዝኩት።