በቀኝ የተጻፈ ምስጋና

ልብስ ሰፊው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በግራ እጁ ቀዶ በግራ እጁ ሰፍቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉም የሚያሙት ይመስለዋል። ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ካየ ወሬው የእሱ እጅ ነው፤ ሌላ ወሬ በዓለም ያለ አይመስለውም።

ስለዚህ ባለ ፋብሪካው "ከነገ ጀምሮ አዲሶቹን አንተ ታሠለጥናለህ" ብለው የምስጋና ወረቀት ሲሰጡት፣ ከመደሰቱ በፊት የጨርቅ ቆራጩን ፊት አየ። ቆራጩ ፈገግ ብሏል። አለቀ፣ ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ በእጅ የተጻፈ፣ የማያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፦ ዴክስተሪቲ።

ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ወደሆነችው ሴት ልጁ ቤት ሄደ። የእጅ ብልሃት ማለት ነው፣ የተዋጣለት ባለሙያ የሚመሰገንበት ነው አለችው። አላመናትም። መዝገበ ቃላት አውጥታ ቃሉ ከየት እንደመጣ እንድታነብለት አዘዛት። ትንሽ አንገራግራ አነበበች። ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም "ቀኝ" ማለት ነው።

ደሙ ፈላ። ነገ እግሬን አላነሣም፣ ሥልጠናቸውም ይቅርብኝ አለ። ብቻ የጻፈውን ሰው ማወቅ አለበት። ቆራጩ እንዳይባል ስሙን እንኳ የሚፈርመው በመከራ ነው። የባለ ፋብሪካው ጽሕፈት ደግሞ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ ነው። መነጽሩን አድርጎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መረመረ። የተጋደሙ፣ እየተንገዳገዱ የሚሄዱ ፊደሎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ልጁ የምታርማቸው ደብተሮች ተከምረዋል። እዚያም ቀያዮቹ ፊደሎች ተጋድመዋል።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ አባዬ። ባለ ፋብሪካው እንግሊዝኛውን አስጻፉኝ፤ ቃሉን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ፣ ሥሩንም አውቃለሁ። በቀኝ የሚሠሩ ሰዎች የሚኮሩበትን ቃል ለአንተ ግራ እጅ ልስጠው ብዬ ነው።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጽሕፈቴ ስለማያምር ይቅርታ" አለችው።

ጽሕፈቷ ለምን እንደማያምር ከልብስ ሰፊው በላይ የሚያውቅ የለም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በእሷም እንዳይስቁባት ብሎ፣ ግራ እጇን በልብስ መለኪያ ሜትሩ ከወንበሩ ጋር እያሰረ በቀኟ ያስጻፋት እሱ ነው። ክፉ አስቦ አልነበረም። ግን አድርጎታል።

ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ ነበር። አውርዶ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው።

"ይቅርታ የምለውስ እኔ ነኝ" አላት።

በነጋታው ማልዶ ፋብሪካው ገባ። አዲሶቹን ሰልፍ አስያዘና፣ ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ፣ መቀስ በየትኛው እጃቸው እንደሚይዙ ጠየቃቸው።