ለክብሪት የሚሆን ጭምብል

እኔ የእሳት አደጋ ጣቢያችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ሄልሜትና የውሃ ጎማ ስረከብና ሳስረክብ ኖሬአለሁ። ስለ እኩልነት ላውራ ስል፣ "አንተን ደግሞ ምን አገባህ?" የሚሉኝ አሉ። ያገባኛል እንጂ። እኩልነት የሚባለው ነገር ወደ ጣቢያችን ሲመጣ መጀመሪያ ያረፈው እኔ መደርደሪያ ላይ ነው። በካርቶን ታሽጎ መጣ፣ ከፈትኩት፣ ሁሉም አንድ ቁጥር ሆኖ ተገኘ።

ክብሪት የምንላት ልጅ የመጣችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ሴት እሳት አጥፊ አይቶ አያውቅም። ሾፌራችን መኪናው ላይ ወጥቶ መስታወት እየወለወለ ነበር፤ በሩ ላይ ስትቆም አያትና፣ "ጉድ በሉ፣ እሳት አጥፊ ላኩልን ብንል ክብሪት ላኩልን" አለ። እውነትም ቀጭን ናት፤ አንገቷም ፊቷም የልጅ ነው የሚመስለው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና፣ "ውሃው እናንተ ጋ ነው ሲሉኝ ነው የመጣሁት" አለች። ከዚያ ወዲያ በመዝገብ ስሟ የጠራት ሰው የለም።

ክብሪት ብለን ብንቀልድም ልጅቷ የዋዛ አልነበረችም። አባቷ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ የመሰላሉን አንድ ጫፍ እሱ፣ አንዱን እሷ ይዘው ከሰፈር ሰፈር ዞረዋል። ሰውዬው ወገቡን ከተጎዳ በኋላ ላይኛውን ፎቅ የምትቀባው እሷ ሆነች፤ እሱ ከታች ቆሞ "እዚያ ጋ ዘለልሽ" ይላታል። ሥልጠና ላይ መሰላል በመውጣት ሁለተኛ ወጣች። የሰማንያ ኪሎውን አሻንጉሊት፣ ሰው አድርገን የምንለማመድበትን፣ በብብቱ ይዛ ግቢውን ከጫፍ ጫፍ ስትጎትት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሾፌሩም አይቶ ዝም አለ፤ እሱ ዝም አለ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣው የመጣው ከጭምብሉ ነው። ጭስ ውስጥ የሚገባ ሰው የመተንፈሻ ጭምብሉ ፊቱ ላይ ልክክ ማለት አለበት። ልክ መሆኑን የምናየው እንዲህ ነው፦ ጭምብሉን ታጠልቃለህ፣ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ በመዳፍህ ትደፍናለህ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ትስባለህ። ጭምብሉ ፊትህ ላይ ጥብቅ ካለ ደህና ነህ። ክብሪት ስትስብ ግን በሁለት ጉንጮቿ በኩል ፉጨት ይሰማል። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ብንስበው ወይ ፍንክች። የተሠራው ለሾፌሩ ዓይነት ፊት ነዋ፣ ድስት ለሚያህል ፊት።

ደንባችን ደግሞ ግልጽ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም ሰው በጭስ ክፍል ይፈተናል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ከእሳት መኪናው ቡድን ይሰረዛል፤ ጡረታ እስኪወጣ ስልክ ክፍል ነው የሚቀመጠው። ክብሪት በመጀመሪያው ዓመት ጭሱ በጉንጯ ገብቶ ወደቀች። በሁለተኛውም ዓመት ያው። ፈተናውን እስክታልፍ ተብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጊዜያዊነት ስልክ ላይ ነው ያስቀመጧት። የቀራት አንድ ፈተና ነበር።

እኔ እጄን አጣምሬ አልተቀመጥኩም። አነስተኛ ቁጥር ጭምብል ይላክልን ብዬ ለዋናው መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ጽፌአለሁ፤ እያንዳንዱን በሦስት ቅጂ። ሦስቱን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ለአራተኛው መልስ መጣ፦ "በእኩልነት መመሪያው መሠረት ወንድ ሴት ሳይባል ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይታደላል።" ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያናደደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጽሑፉ ስህተት የለበትም። ማኅተሙ እንኳን ቀጥ ብሎ ነው የተመታው።

በዚያው ሰሞን የእኩልነትና የብዝኃነት ኮሚቴ ካሜራ ይዞ መጣ። ክብሪትን ከስልክ ክፍል አስነስተው ሙሉ ልብስ አልብሷት አሉኝ። ጃኬቱ ሁለት እሷን ይይዛል። ፎቶ አንሺው ትንሽ አሰበና የልብስ መቆንጠጫ አለ ወይ አለኝ። ጃኬቱን ከጀርባዋ ሰብስበን በአሥራ አንድ መቆንጠጫ ያዝነው። ከፊት ሲያዩዋት ንግሥት ትመስላለች፤ ከኋላ የልብስ ማስጫ ገመድ ናት። ፎቶው የበሩን ግማሽ በሚያህል ፖስተር ታትሞ ግቢው መግቢያ ላይ ተሰቀለ፤ "እሳት ፊት ሁላችንም እኩል ነን" ይላል። አባቷ በከዘራ እየተመረኮዘ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲያየው፣ "ይቺ ልጅ ስልክ ነው የምታነሳው" ማለት ከበደኝ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኩትና ወደ ስቶሬ ገባሁ።

እሷ ግን ብዙ አታማርርም። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስልክ ክፍል ብገባ፣ "ጋሼ፣ እኔን የሚያበሽቀኝ ምን እንደሆነ ልንገርዎት?" አለችኝ።

"ንገሪኛ።"

"ሰው ቤቴ ተቃጠለ ብሎ ሲደውል፣ 'እየመጡልዎ ነው' ነው የምለው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን 'መጣን' ብዬ አላውቅም።"

አንጀቴን በላችው። የሠራሁትን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ፈተና አምስት ቀን ሲቀረው በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቀጭን ላስቲክ ቆረጥኩ፣ የጭምብሉን ጠርዝ በውስጥ በኩል እየዞርኩ በማስቲሽ ለጠፍኩበት። ጫማ ሰፊ ቢያየው ያመሰግነኝ ነበር። ጠራኋትና አጠለቀችው። ቀዳዳውን በመዳፏ ደፍና ሳበች፤ ፉጨት የለም። እንደገና ሳበች፤ ልክክ አለ። አውልቃው ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ጋሼ፣ የት ነበሩ እስከ ዛሬ?" አለችኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ተኮፈስኩ፤ ምን ያስኮፍሰኝ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

በፈተናው ቀን ጠዋት ጭስ ክፍል ገባች። እኔ ውጭ ከጣቢያው አዛዥ አጠገብ ቆሜአለሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የሚቆዩት። እስከ አምስተኛው ደቂቃ ድረስ ደህና ነበር፤ በትንሿ መስኮት አሻንጉሊቱን ስትጎትት አየኋት። ከዚያ ቆመች። እጇ ወደ ፊቷ ሄደ። ያኔ ነው የገባኝ። ጭስ ክፍሉ ውስጥ እኮ እሳት አለ፣ ሙቀት አለ። ማስቲሽ በሙቀት ይቀልጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት ቤት ኖሬ፣ ሙቀት የሚባለውን ነገር ረስቼ! ላስቲኩ ተላቆ ወደ አፏ እንደገባ፣ አየሩን እንደዘጋባት ገና ከመውጣቷ በፊት አወቅሁት። ሾፌሩ ሮጦ ገብቶ በብብቷ ይዞ ጎትቶ አወጣት። በጉልበቷ ተንበርክካ ስትስል ፊቷ ጥቀርሻ ለብሷል።

አዛዡ ጭምብሉን ተቀብሎ አገላብጦ መረመረው። ላስቲኩ የለም። ኋላ ስልክ ክፍል ተከትያት ስገባ ከሱሪ ኪሷ አውጥታ አሳየችኝ፤ በጭሱ ውስጥ፣ ትንፋሽ አጥሯት እየታፈነች፣ ነቅላ ደብቃዋለች።

"ለምን ደበቅሽው?" አልኳት።

"እርስዎ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት" አለችኝ። "ደግሞስ ብናገር ጭምብሉ ይጠብልኛል?"

ሪፖርቱ ወጣ። "መሣሪያው ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል። ተፈታኟ በጭስ ውስጥ ራሷን መቆጣጠር አልቻለችም።" ይህን ያነበበ ሁሉ ፈራች ብሎ ነው የሚያስበው። ክብሪትን፣ ፎቅ ላይ ያደገችውን ልጅ፣ ፈራች።

በማግስቱ አዛዡ ቢሮ ገባሁና አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። የመጀመሪያ ቦት ጫማውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በልጅነቱ ነው የማውቀው። ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ጋሼ፣ አሁን የነገሩኝን አልሰማሁም" አለኝ። "ከሰማሁ እርስዎ መሣሪያ በመነካካት ይከሰሳሉ። እሷም የተነካካ መሣሪያ ይዛ ገብታለች ተብላ ከነጭራሹ ትባረራለች። አሁን ቢያንስ ስልኩ አላት።" ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድቤ በወጣልኝ። እውነቱን ነበር። ወጥቼ የፖስተሩ ሥር ቆምኩ፤ ከዚያ የምሄድበት ስላልነበረኝ ወደ ስቶሬ ተመለስኩ።

ስምንት ወር አለፈ። እሷ ሥራዋን አልበደለችም፤ ስልኩ ሁለት ጊዜ አይጮህም፣ ታነሳዋለች። ሾፌሩ እንኳን መቀለድ ትቶ፣ ከእሳት በተመለሰ ቁጥር ስልክ ክፍል ብቅ ብሎ ምን እንደነበር ይነግራታል፤ ምኑ እንደተቃጠለ፣ በየት እንደገቡ። እሷ አገጯን ይዛ ታዳምጠዋለች።

ባለፈው ማክሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ካርቶን መጣ። ፈርሜ ተረከብኩና ከፈትኩት፤ ስድስት የመተንፈሻ ጭምብል፣ አነስተኛ ቁጥር። ደብዳቤም አብሮ አለ፦ "ጣቢያችሁ በእኩልነት ረገድ ላሳየው አርአያነት፣ በተለይም በፖስተሩ ላይ ለምትታየው ባልደረባ።" እግሬ እየተጠላለፈ አዛዡ ዘንድ ሮጥኩ። ደብዳቤውን አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀና ዘረዘረልኝ፦ ስረዛዋ ከላይ ጸድቋል፤ ቦታዋ በሌላ ሰው ተሞልቷል፤ ደንቡ ሦስት ጊዜ የወደቀ ይመለሳል የሚል መስመር የለውም። "ለሚቀጥሉት ሴቶች ይሆናል" አለኝ። የሚቀጥሉት ሴቶች የት እንዳሉ አልጠየቅሁትም፤ ከእሷ ወዲህ ያመለከተች የለችም።

ላሳያት ወይስ ልደብቅባት እያልኩ ሁለት ቀን ካርቶኑን ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ አንዱን ከነፕላስቲኩ ይዤ ስልክ ክፍል ገባሁና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ቁጥሩን አነበበች። ከፕላስቲኩ አወጣችው፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ አጠለቀችው፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ብቻ ሳብ አደረገች። ቀዳዳውን በመዳፏ ደፍና ወደ ውስጥ ሳበች። ጭምብሉ ፊቷ ላይ ልክክ አለ። መዳፏን ሳታነሳ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኖቿን አያለሁ።

ስልኩ ጮኸ። ጭምብሉን አወለቀችና መነካካት እንደሌለበት ዕቃ ቀስ አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጉንጯ ላይ የጠርዙ ምልክት ዙሪያውን ቀርቶ ነበር። አድራሻውን ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ደወሉን ተጫነች። ውጭ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ሰማሁ።

"አይዞዎት፣ ከቤቱ ይውጡ" አለች በስልኩ። "እየመጡልዎ ነው።"