ውሃ ልክ በጽሑፍ የሠራችው አበባ

በሥራ ቦታ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም ውሃ ልክ ነው የሚላት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ገና ሲሚንቶ በባልዲ በምታመላልስበት ዘመን ነው። ግንበኛው ያበጀውን የመስኮት ደፍ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችና «ወደ ቀኝ ዘመም አላለም?» አለች። ግንበኛው ሳቀባት። መሣሪያውን፣ ያንን የአየር ጠብታ ያለበትን ውሃ ልክ፣ ደፉ ላይ ሲያሳርፈው ግን ጠብታዋ ወደ ግራ ሸሸች። ሳቁም አብሮ ሸሸ።

ከባልዲ ወደ ሴራሚክ ማንጠፍ የተሻገረችው በዚያ ዐይኗ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነጠፈችውን ወለል ቁጥር እሷም አታውቀውም። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ ጉልበቷ ላይ ታስራለች። ጎንበስ ስትል ከወገቧ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ሰው ዘወር ብሎ ካያት «የኔ አይደለም፣ የወለሉ ነው» ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ ሆዷን ይበላት ነበር። እስከዛሬ ያነጠፈችው ሁሉ ሌላ ሰው የነደፈው ነው። እዚህ ነጭ አድርጊ ሲሏት ነጭ፣ እዚያ ግራጫ አድርጊ ሲሏት ግራጫ። ወለሉ ካለቀ በኋላ በበሩ ቀዳዳ ስታየው ሥራው የእጇ ነው፣ ሐሳቡ ግን የሌላ።

እናም የሕፃናት ክሊኒኩ ግንባታ ሲገባደድ፣ ሕመምተኞች የሚጠብቁበት ክብ አዳራሽ ላይ ቆማ ለመሐንዲሷ አፏን ሞልታ ነገረቻት።

«ልጄ፣ መርፌ የሚጠብቅ ሕፃን በነጭ ወለል ላይ ዐይኑን የት ያሳርፋል? አበባ ልሥራበት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ።»

መሐንዲሷ ወጣት ናት፣ ቃል የምታባክን አይደለችም። አዳራሹን ዞር ብላ አየችው።

«ሐሳቡን ወድጄዋለሁ» አለች። «ግን ሴራሚኩን የሚቆርጡልን ሰዎች በማሽን ነው የሚሠሩት፤ በእርሳስ የተሳለ አይቀበሉም። በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል እስከ ሐሙስ ያምጡልኝ። ካልደረሰ ነጩን እናነጥፋለን፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልችልም።»

ፎርማኑ ከኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። «እትዬ ውሃ ልክ፣ እባክዎ ኮምፒውተሩን በጎማ መዶሻ እንዳይመቱት።»

«አንተን ስንት ዓመት መታሁህ፣ አልተስተካከልክም። እሱ ሳይሻል አይቀርም።»

ቤት ስትገባ የሄደችው በቀጥታ ወደ ምራቷ ነው። ምራቷ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿን ቅርጽ የምታስተምርበት አንድ ፕሮግራም በአሮጌ ላፕቶፗ ላይ አለ። የምግብ ጠረጴዛውን ጠረገችና ላፕቶፑን ከፈተችላት።

«በዚህ ላይ እጅ አይስልም፣ እማማ። በግራ በኩል ይጽፋሉ፣ በቀኝ በኩል እሱ ይስላል። ነጥብ ካሉት ነጥብ፣ ክብ ካሉት ክብ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ግን ስም ያውጡለት።»

«የፈለግሁትን?»

«የፈለጉትን።»

ውሃ ልክ ፊደል የቆጠረችው ልጆቿን ካሳደገች በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ኪቦርዱ ላይ ፊደሉን በአንድ ጣት ታስሰዋለች፤ ስታገኘው ሴራሚክ እንደምታሳርፍ ጫን አድርጋ እስኪይዝላት ትጠብቃለች። የመሃሉን ነጥብ እምብርት አለችው። ጣቷን ቶሎ ስላላነሳች የቃሉ መጨረሻ ላይ «ት» ተደርድሮ መስመሩን ሞላው።

«ይሄ እምብርት ጅራት አበቀለ» አለች፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ።

ጅራቱን ቆረጡለት። ጫፍ ላይ የሚቀመጠውን የመጀመሪያ ነጥብ በኩር ልትለው አሰበችና፣ እምብርትን መሃል አድርጎ በበኩር የሚያልፍ ክብ ጻፈች። ከጽሑፉ ሥር ቀይ መስመር መጣ።

«ምን አጠፋሁ?»

«በኩር የሚባል አላውቅም ነው የሚለው። ሳይወለድ እኮ ዳሩት» አለች ምራቷ እየሳቀች። «መጀመሪያ ይውለዱት፣ ከዚያ ድግሱ ይደርሳል።»

ወለደችው። ክቡ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ዳር ዳሩን በጣቷ ተከተለችው። አንድም ቦታ አልጎበጠም።

አበባውን በገመድ መሥራት ድሮም ታውቅበታለች። መሃል ላይ ሚስማር ተክለህ፣ ገመድ አስረህ፣ ትልቁን ክብ በጠመኔ ትዞራለህ። ከዚያ ገመዱን ሳታሳጥርና ሳታስረዝም ሚስማሩን የክቡ ጫፍ ላይ ትተክልና ደግሞ ትዞራለህ፤ አዲሱ ክብ ትልቁን የሚቆርጥበት ቦታ የሚቀጥለው ሚስማር ቦታ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልክ ዙሩን ስትጨርስ ከተነሳህበት ላይ ታርፋለህ፣ መሃሉ ላይም ባለስድስት ቅጠል አበባ ይቀርልሃል።

ሁለተኛው ነጥብ በሰላም ወጣ። ሦስተኛው ላይ ነገር ተበላሸ። ሁለቱ ክቦች የሚገናኙበትን ስጠኝ ብላ ብትጽፍ፣ ፕሮግራሙ ነጥቡን መልሶ በኩር ራሱ ላይ አስቀመጠው። ደገመችው፣ ያው ነው። ምራቷ በዚያን ሰዓት የተማሪዎች ፈተና ታርም ነበር፤ ማስቸገር አልፈለገችም። ስለዚህ የሙያዋን ልማድ ተጠቀመች። ሴራሚክ አልገጥም ሲል ትንሽ ገፋ ታደርገዋለህ፤ በመሃል የቀረችውን ክር የምታህል ክፍተት በኋላ የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ ይሸፍናታል። የቀሩትን ነጥቦች በቁጥር አስቀመጠቻቸው። ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ ደሞ ትንሽ መለስ፤ ዐይኗ ይሁን እስኪል ድረስ።

አበባው ሞላ። ምራቷ መጥታ አየችና «በጣም ያምራል» አለች። ውሃ ልክ ሰፈሩን ዞራ ለሁሉም ማሳየት ቃጣት።

ረቡዕ መሐንዲሷ ደወለች። የአዳራሹ ግድግዳ ሲለሰን ወፍሯል፤ ክቡ በአንድ ስንዝር መጥበብ አለበት።

«እሱማ ምን ችግር አለው» አለች ውሃ ልክ፤ ላፕቶፑን ከፍታ በኩር ከእምብርት የሚርቅባትን አንዷን ቁጥር ቀነሰች።

ትልቁ ክብ ጠበበ። ሁለት ቅጠሎች አብረውት ጠበቡ። ሌሎቹ በነበሩበት ቀሩ፤ አንዱ ከግድግዳው ውጭ ወጣ፣ አንዱ ጎረቤቱ ላይ ተኛ። አበባው ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ መሰለ።

ነገ ሐሙስ ነው።

ምራቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጉዱን አየች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «እማማ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ እኔ አስተካክልልዎታለሁ» አለች።

«እንደምትችይማ አውቃለሁ። ግን ያንቺ እጅ ከገባበት ያንቺ አበባ ይሆናል። እንደገና የሰው ሐሳብ ላነጥፍ ነው?»

ምራቷ ቅር አላላትም፤ ሻይ ልታፈላ ገባች። ውሃ ልክ ገመዷንና ጠመኔዋን ይዛ በረንዳው ላይ ተንበረከከች። ሚስማር ባይኖር ድንጋይ አደረገች። ትልቁን ክብ ዞረች፣ ከበኩር ላይ ዞረች፣ ከሁለተኛው ነጥብ ላይ ዞረች፣ ሦስተኛውን ነጥብ ለመትከል እጇን ሰነዘረች። እዚያ ላይ እጇ ቆመ።

የመጨረሻው ክብ ትልቁን የቆረጠው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የመጣችበት፣ በኩር። ሌላኛው የምትሄድበት። ዕድሜዋን ሙሉ የመጣችበትን ዘልላ የምትሄድበትን ስትይዝ ኖራለች፣ ግን ጉልበቷ ወደየት እንደዞረ ስለሚያውቅ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም። ያ ፕሮግራም ጉልበት የለውም። ካልነገሩት በየት ያውቃል?

«አንቺ» ብላ ተጣራች ወደ ውስጥ። «ለዚህ ነገር፣ እሱን ሳይሆን ያኛውን ለማለት ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«መጨረሻው ላይ ሁለት የሚል ቁጥር ይጨምሩበት፤ ሁለተኛውን መገናኛ ማለት ነው» አለች ምራቷ ከኩሽና። ትንሽ ቆየት ብላ ደግሞ «ጥያቄው ይሄ ነበር እንዴ?» አለች።

ውሃ ልክ ጠረጴዛው ላይ ተመለሰች። በዐይኗ ያስቀመጠቻቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ አጠፋች። አንድ መስመር ባጠፋች ቁጥር ከቀኝ በኩል አንድ ቅጠል ይጠፋል። ከዚያ ከሦስተኛው ጀመረች። እያንዳንዱ ነጥብ የማን ልጅ እንደሆነ ጻፈች፦ ከየትኛውና ከየትኛው ክብ እንደተወለደ፣ ከሁለቱ መገናኛ የቱ እንደሆነ። የመጨረሻው ክብ ዞሮ በኩር ላይ ሲያርፍ አልገፋችውም፣ አልሳበችውም። ራሱ መጣ።

ከዚያ ቁጥሯን ቀነሰች፣ ጨመረች፣ ቀነሰች። አበባው እንዳለ፣ አንድም ቅጠል ሳይነጠል፣ ይሰበሰባል ይዘረጋል፤ የሚተነፍስ ይመስላል። ምራቷ ሻዩን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሁለቱም ሻዩን ረሱት።

ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፑን በሲሚንቶ ጆንያ ቁልል ላይ አስቀምጣ ለመሐንዲሷ ከፈተችላት። መሐንዲሷ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ደግሞ ትንሽ ቢለወጥስ?»

ውሃ ልክ አንድ ጣቷን ሰዳ ቁጥሯን ለወጠች። አበባው ተከተላት።

መሐንዲሷ ከስክሪኑ ቀና አለች። «ሰው ነው የሠራልዎት?»

«ምራቴን ጠየቅኳት፣ መለሰችልኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ፋይሉን ይላኩልኝ፤ ዛሬውኑ ይቆረጣል» አለች መሐንዲሷ። ፎርማኑ «እንግዲህ ካርቶን መሸከሙ የኔ ነው» ብሎ ሄደ።

ሴራሚኩ ተቆርጦ በካርቶን መጣ፣ ሰማያዊና ቢጫ። ውሃ ልክ ከእምብርቱ ጀምራ ወደ ውጭ አነጠፈችው። የመጨረሻዋ ቁራጭ ላይ ፎርማኑ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ቦታው ጠበብ ያለ ይመስላል፤ ትንሽ ይሞረድ።»

«አይሞረድም።»

በመዳፏ ተጫነቻት። ቁራጯ ቦታዋን ያዘች፤ በዙሪያዋ ያለው ክፍተት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ተሸክሞ በአዳራሹ ሊያቋርጥ መጣ። ውሃ ልክ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ተቀምጣለች።

«በየት ልለፍ፣ እናቴ?»

«በውጭ ዙር።»

«ይሄን ሁሉ መሰላል ይዤ? ለወለል?»

«ለወለል ቢሆን አሳልፍህ ነበር» አለችው፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «ይሄ የኔ ነው።»

ቀለም ቀቢው አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። መሰላሉን ትከሻው ላይ አስተካከለና በውጭ ዞረ።